ቃሉ ከባድ ነው፣ ሰኞ ነይ

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የችሎቱን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚተረጉመውን ሽማግሌ ሁሉም «መዝገበ ቃላት» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ነው። የመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። «ጉዳይዎን በጥሞና መርምረነዋል» ካለ፣ ገልጠው አላዩትም ማለት ነው። «ለፍትሕ ሲባል» ብሎ ከጀመረማ በቃ፣ በሩ ተዘግቷል። «እንግሊዝኛው ሲያጎነብስልህ ኪስህን ያዝ» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል።

አንድ አመል ግን አለችው። መርዶ የያዘ ደብዳቤ በዕለቱ አይተረጉምም። «ቃሉ ከባድ ነው፣ ላገላብጠው» ብሎ ይቀጥራል፤ ሰው ሁለት ሌሊት እንኳ ተኝቶ ይደር ብሎ ነው። አንጀቱ አይችልም።

ሐሙስ ዕለት ልብስ አጣቢዋ መጣች። አንድ ልጇን የፋብሪካ ማሽን በልቶባታል። ፋብሪካው «ጥፋቱ የራሱ ነው» ብሎ ጽፏል፤ እሷ የምትፈልገው ያ ቃል ከልጇ ስም ላይ እንዲነሣ ብቻ ነው። አቤቱታዋን የጻፈላትም ሽማግሌው ነው። ሳሙና የላጠውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ደብዳቤውን ሰጠችው።

«ጋሼ፣ የሰፈር ልጆች ‹ጀስቲስ› የሚል አለበት አሉኝ። ይቺን ቃል ልጄ ሲያጠና ሰምቻታለሁ። ፈረዱልን ማለት ነው አይደል?»

አነበበው። ለፍትሕ ሲባል ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ቅሬታ ያለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ያቅርብ። ቀና ብሎ አያት። ከቀብሩ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ገና ማየቱ ነው።

«ቃሉ ከባድ ነው እህቴ፣ ሰኞ ነይ።»

በልቡ ጊዜ አለ ብሎ ነበር። ሰኞ ማለዳ ቅሬታውን ሊጽፍላት ደብዳቤውን ሲዘረጋ ነው ከላይ ያለውን ቀን ያየው። አሥራ አራቱ ቀን የሚቆጠረው ከተጻፈበት ዕለት ነው፤ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ተኝቶ ከርሟል። ጊዜው ዓርብ አልቋል። መዝገብ ቤት ሮጠ። ጸሐፊዋ ቀኑን በጣቷ አሳየችውና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራች።

ልብስ አጣቢዋ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳ መጣች። ሁሉንም ነገራት፤ የቀኑንም አልደበቀም።

«ሐሙስ ዕለት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንዳላዝን ብለው ነው?»

«አዎ» አለ።

ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተች። አልረገመችውም፤ ብትረግመው ይሻለው ነበር።

«ልጄ ቢኖር በዕለቱ ያነብልኝ ነበር፣ ጋሼ» አለችና ሄደች።