«ቆሻሻሽ ወጣ» ያሏት ፎሪዋ

ፎሪዋ ልጆቿን ያሳደገችው በጋና፣ በኩማሲ ገበያ ቦዬ የሚባለውን ትልቅ ሥር በራሷ እየተሸከመች ነው። ማለዳ እህል ሳትቀምስ ለአንገቷ ሕመም ማስታገሻ ክኒን ትውጣለች። እዚያ የማይውጥ ተሸካሚ የለም፤ እንደ ኦቾሎኒ በሰፌድ ነው የሚሸጡት፤ ከልካይ የለ! ከእምብርቷ በላይ ሲቆረጥማት አንድ ጉርሻ ከበላች ይተዋታል። እኛ የግቢዋ ሰዎች «ርሃብ ነው» እንላለን። ስንት ዓመት ርሃብ ነው ይባላል? ለካ የትንሹ አንጀቷ መጀመሪያ ቆስሏል፤ ምግብ ሲገባ ሕመሙ ይተኛል፣ ሆዷ ሲጎድል ይነሳል።

አንድ ቅዳሜ አክስቷ ፖኩዋ እንደ ልማዳችን ዝንጅብልና ቃሪያ የተወቀጠበት ውሃ በጎማ መርጫ በመቀመጫዋ በኩል አስገባችላት፤ ሆድ ይጠርጋል ተብሎ። ፎሪዋ የመጸዳጃውን ግድግዳ ተደግፋ ወጣች።

«አክስቴ፣ ሬንጅ ነው የሚመስለው።»

«እሰይ! የዓመት ቆሻሻሽ ወጣ! ነገ እንደግምልሻለን።»

የግቢው ሰው አጨበጨበ። እኔ ጎረቤቷ ግን ከንፈሯን አየሁ፤ አመድ መስሏል። ላቧ ይቀዘቅዛል።

«የምን ቆሻሻ? ደም ነው! ሆዷ ውስጥ የጠቆረ ደም!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ጋዜጣ አንብበሽ ሐኪም ሆንሽ?» አለች ፖኩዋ።

ግቢው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፎሪዋ ተዘረረች።

ወደ ሆስፒታል በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ልሞት ነው? እንዳትዋሺኝ» አለች። ሹፌሩን «ፍጠን!» አልኩት።

ሆስፒታል ደም ሰጧት፤ በአፏ ቀጭን ቱቦ አስገብተው የሚደማውን ቁስል በሙቀት ዘጉት። ሐኪሟ ፖኩዋን ይዛ ተቆጣች፦ «አንጀቷ ቢበሳ ኖሮ ሆዷ እንደ ጣውላ ይደርቅ ነበር፤ ያኔ ቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም ከደረሰች! ቁስሉን ያመጣ ተህዋሲ አለባት። አሲድ የሚቀንሰውን ከሁለቱ ፀረ ተህዋሲዎች ጋር ለሁለት ሳምንት ትውሰድ። ሕመሙ ቢተዋትም እንዳታቋርጥ። ቁስሉን ያባባሰው ያ ማስታገሻ ደግሞ ሁለተኛ አፏ እንዳይደርስ!»

ፖኩዋ ነጠላ ጫማዋን እያየች «በእጄ ልገድላት ነበር» አለች። እሷን አልፈርድባትም። የምፈርደው ያንን ክኒን በሰፌድ በሚያዞሩት፣ እያዩም ዝም በሚሉት ላይ ነው። ጥቁር ሰገራ ደም መሆኑን ለፖኩዋ ማን ነገራት?

ፎሪዋ መድኃኒቷን ጨረሰች። ተህዋሲው መጥፋቱንም መርምረው ነገሯት። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ማለዳ ማለዳ ከመጸዳጃው በር ላይ ትጠራኛለች።

«እህቴ፣ ነይ እይልኝ። እኔ ዞሬ ማየት አልችልም።»

ገብቼ አያለሁ። «ደህና ነው። ጥቁር አይደለም።»

«በደንብ አየሽ? በእናትሽ፣ ድገሚና እይ።»

ደግሜ አያለሁ።