የመልካሙ ዘጠነኛ ትምህርት

መምህርት ፈንታነሽ ባሏ መልካሙ በሞተ ዓመት የእሱን ክፍል ተረከበች። ከጉና ተራራ ግርጌ ባለችው ትንሽ ትምህርት ቤት እሱ እንግሊዝኛ ነበር የሚያስተምር፤ እሷ አማርኛ። የሚተካው ሰው ሲጠፋ ርእሰ መምህሩ ደረጄ፣ «አንቺው ያዥልን» አላት። ፈንታነሽ እንግሊዝኛ ማንበቡን ታውቃለች፤ መናገር ግን ታፍራለች። መልካሙ ቤት ውስጥ ተለማመጂ እያለ ሲለምናት፣ «ሰው ይስቅብኛል» እያለች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ እሱ ለማዳመጥ ትምህርት ብሎ በስልኩ የቀዳውን ድምፅ ይዛ ገባች።

የቀዳው ታሞ ሳለ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ ሁለት ጊዜ በደረቁ ይስላል፣ ከዚያ «ሪፒት» ይላል። ልጆቹ ይደግማሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሳሉንም ይደግሙት ጀመር። አርባ ስድስት ልጆች፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ እኩል።

ደሟ ፈላ። «በሞተ ሰው የሚቀልድ ማነው?»

ፍቅርተ የምትባል ልጅ ግራ ገብቷት ተነሳች። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛው እንዲህ አይደል የሚባል?»

እውነቷን ነበር። ልጆቹ በዚያ ዓመት አዲስ የገቡ ናቸው፤ መልካሙ አንድም ቀን አስተምሯቸው አያውቅም።

በኅዳር አንድ ጧት ጉም ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ደፈነው። ስምንተኛው ትምህርት ላይ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። ልጆቹ ግን አላቆሙም። በመልካሙ አነጋገር፣ መልካሙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ እየተነፈሱ፣ ስምንተኛውን ጨርሰው ዘጠነኛውን ቀጠሉ። ዘጠነኛውን ፈንታነሽ ራሷ ገና አልሰማችውም። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ሳሉና በአንድ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «ፈንቴ፣ አሁን ደግሞ አንቺ በይው» አሉ።

ፈንቴ ብሎ የሚጠራት መልካሙ ብቻ ነበር።

ልጆቹን አሰናብታ ስልኩን ደረጄ ቢሮ ሰካችና ዘጠነኛውን ከፈተችው። ቃል በቃል ያው ነው። መጨረሻው ላይም የመልካሙ ድምፅ ስሟን ጠራ።

«ነካክተው ሰምተውት ይሆናላ» አላት ደረጄ።

«ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አከፋፈቱንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለ።»

ደረጄ አማተበ።

በማግሥቱ ፈንታነሽ ስልኩን ቤቷ ትታ ገባች። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በራሷ አፍ አለችው። የሳቀ አልነበረም። ልጆቹ በእሷ ከባድ ምላስ ደገሙት፤ ሳሉም ከዚያ ቀን ወዲያ አልተሰማም።

በየካቲት ከደብረ ታቦር የእንግሊዝኛ መምህር ተመድቦ መጣ። ደረጄ እንድታስረክበው ወደ ክፍሉ ይዞት ቢሄድ፣ ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆማ፣ «አማርኛውን ስጠው» አለችው።