ክፍሉ ለሁለት እናቶች ቤት ሲፈልግ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ቤት የገዛ ሐበሻ ክፍሉን የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን ቤት ሲያስገዛ ኖሯል። ቢሮው ከአንድ የቅመማ ቅመም ሱቅ በላይ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ነው። ደንበኛ ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ፣ ከእርምጃው ድምፅ ብቻ ስንት መኝታ ቤት እንደሚፈልግ አውቃለሁ ይላል። በሃያ ዓመቱ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ሊማር ከአዲስ አበባ መጣ፤ ተመረቀም፤ ግን አንድ ድልድይ ሳይሠራ ስልሳ ስድስት ዓመት ሞላው። ጓደኞቹ በዚህ ሲያሾፉበት፣ "ድልድይስ ሠርቻለሁ፤ በባንክና በሐበሻ መካከል" ይላል። ደላላ ሲሉት ይከፋዋል። ፈቃድ ያለኝ የቤት ሽያጭ ባለሙያ፣ ሪልተር ነኝ ባይ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ አባል ነው፤ ይህን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዳላስ ሁለት ሴቶች ደወሉለት። አንደኛዋ ዲቦራ የምትባል የዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት ነርስ ናት፤ በርባንክ አካባቢ ሥራ አግኝታለች። ሁለተኛዋ ሳምሪ ነች፤ ከቤቷ ሆና ለኢንሹራንስ ድርጅት ትሠራለች። ኖላዊ የሚባል የስምንት ዓመት ወንድ ልጅና ብሌን የምትባል የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ይዘዋል። ክፍሉ ስልኩን ሳይዘጋ በልቡ ነገሩን ጨረሰው። እህትማማቾች ናቸው፤ ባሎቻቸው ዳላስ ሥራ አስረክበው ይከተላሉ፤ የሚፈልጉት ዋና ቤትና ጓሮ ውስጥ ትንሽ ቤት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ይህ አይጠፋውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ግሌንዴል ወሰዳቸው። ጓሮ ውስጥ ትንሽ ቤት ያለው፣ ሎሚ የተተከለበት ግቢ አሳያቸው። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ፣ "ባሎቻችሁ ሲመጡ አንዳችሁ ከፊት፣ አንዳችሁ ከኋላ፤ ማንም ማንንም አይነካ" አለ።

ዲቦራ ከጎኑ ተቀምጣለች። "ጋሼ ክፍሉ፣ በከንቱ እንዳናለፋዎት ልንገርዎት። እኔና ሳምሪ ባለትዳር ነን።"

"አውቃለሁ እንጂ፤ ልጆቹን አይቼ የለም እንዴ። መቼ ነው የሚመጡት?"

"የሚመጣ የለም። እኔና እሷ ነን። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው።"

መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ክፍሉ ቆመ። ከኋላው ያለው መኪና ጡሩምባውን እስኪለቅበት ድረስ እንደቆመ ቀረ። ሳምሪ ከኋላ ወንበር ሳቋን ዋጠች። ሁለት መንገድ ከተሻገሩ በኋላ ክፍሉ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ኩሽናው ግን ሰፊ ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። ዲቦራ ስለ ኩሽና አልጠየቀችም። "ልጆቹ ትምህርት ቤት ሁለት እናት አለን ሲሉ ሰው የማያፈጥባቸው፣ ጎረቤት የማይሸሻቸው ሰፈር የትኛው ነው? እርስዎ ከተማውን ያውቁታል" አለችው።

ክፍሉ መሸሸጊያ አገኘ። የአሜሪካ ሕግ ሪልተር ለደንበኛው ይህ ሰፈር ለእናንተ ዓይነት ሰው ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም እንዳይል ይከለክላል። ክፍሉ ሕጉን ሲያስረዳ ድምፁ ወፈረ፤ አንቀጽ የሚያነብ መሰለ።

"ሕጉ የወጣው እኮ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች እንዳይበደሉ ነው" አለች ሳምሪ። ዳላስ ስላደገች አንቱ አይሆንላትም። "አንተ ደግሞ እሱኑ ይዘህ እኛን ዝም ትለናለህ?"

"ሕግ ነው፣ ልጄ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ" አለ ክፍሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በዕድሜው ሙሉ ሕግ እንደዚያን ቀን ጣፍጦት አያውቅም።

እቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለአምሳለ ነገራት። ደንበኞቹን ለወጣቱ ኤጀንት ለዳኛቸው ማስተላለፍ እንዳሰበም ጨመረላት። "የሰበካ ጉባኤ ሰው ነኝ። ምን ይባላል?"

አምሳለ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። "ቤት ፈልግ ነው የተባልከው ወይስ ባርክ?"

"ቤት ፈልግ።"

"እንግዲያው ፈልግ።"

ክፍሉ ፈለገ። ሁለተኛውን ሰፈር የመረጠችው ግን ሳምሪ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ አግኝታው። ስሙ ይቅር፤ ከተራራው ሥር ያለ፣ ዛፍ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። በየደጁ ባለ ቀስተ ደመና ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ሣሩ ላይ "እዚህ ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ" የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ክፍሉ ራሱ በልቡ፣ በቃ ተገላገልኩ አለ።

ገና ከመኪናው ሲወርዱ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ከአጥሯ ወጥታ መጣች። ቤቱን ሊያዩ መምጣታቸውን፣ ባልና ሚስት ሳይሆኑ ሚስትና ሚስት መሆናቸውን ስትረዳ ደረቷን በእጇ ያዘች። "እንደ እናንተ ያለ ቤተሰብ ስንጠብቅ ነበር" አለቻቸው። የሰፈሩ ኮሚቴ ውስጥ እንዲገቡ ጠየቀች፤ በሰኔ በሚደረገው የቀስተ ደመና በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ጠየቀች፤ ለሰፈሩ መጽሔት ፎቶ እንዲነሱ ጠየቀች። ብሌን ሽንት ቤት ፈልጋ እግሯን ስታጣምር ግን አላየችም።

"የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ነው የምሠራው" አለች ዲቦራ። "ንግግር የማደርግበት ጊዜ እንኳ የለኝም።"

ሴትየዋ ስቃ ትምህርት ቤቱን ላሳያችሁ ብላ ይዛቸው ሄደች። ክፍሉ ጉልበቱን ያመው ስለነበር መኪናው ውስጥ ቀረ። ከ"ሁሉም ሰው እንኳን ደህና መጣ" ሰሌዳ ሥር ፓርክ አድርጎ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የባንክ ወረቀት ያነባል።

አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ አንድ ውሻ የያዘ ሰው መስኮቱን አንኳኳ። "መንገድ ጠፋብህ?" አለው። ክፍሉ አልጠፋብኝም አለ። ሰውዬው ትንሽ ራቅ ብሎ ስልኩን አወጣ። አምስት ደቂቃ ቆይቶ የሰፈሩ ጥበቃ መኪና መጣና ከኋላው ቆመ። መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ፣ ማንን ትጠብቃለህ። ክራቫት አስሯል፤ የመኪናው በር ላይ ስሙና ፎቶው ተለጥፏል፤ ፎቶው ፈገግ ብሏል። ጥበቃው ፎቶውንና ክፍሉን ደጋግሞ አስተያየ። በመጨረሻ፣ "ሰዎች ደውለው ነው፤ መልካም ቀን" ብሎ ሄደ።

ክፍሉ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ጥቁር ሰው ሆኖ አሜሪካ አርባ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። የረበሸው ሌላ ነው። ከአምሳለ ጋር የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ሲዞሩ ታሳያቸው የነበረችውን አሮጊት ኤጀንት አስታወሰ። አንድ ቆንጆ ቤት አሳየቻቸው። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብታ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየችና፣ "እኔ እናንተን ብሆን ልጆቼን እዚህ አላሳድግም" አለች። ለምን ቢላት፣ "ልነግርህ አይፈቀድልኝም" ብላ ሞተሩን አስነሳች። የዚያን ቀን ክፍሉ ተቆጥቶ ነበር። ከዓመት በኋላ እዚያ ሰፈር የገዛ ጓደኛው ምን እንደደረሰበት ሲሰማ ግን ለሴትየዋ አበባ ላከ። እሱ ራሱ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ እንዲያ ያለ ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሕግ አክባሪ ነዋ።

ሴቶቹ ተመልሰው ገቡ። ሳምሪ ደስ ብሏታል፤ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፣ ሰዎቹ ያቅፋሉ ትላለች። ክፍሉ ሞተሩን አላስነሳም።

"ስለ ሰፈሩ እንዳልናገር ሕግ ይከለክለኛል" አለ። "ስለ ራሴ እንዳልናገር ግን የከለከለኝ የለም።" የሆነውን ነገራቸው። አላሳመረውም፤ አላካበደውም።

ሳምሪ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ቀረብ ብላ፣ "እኛን አቅፈው አንተን ጥበቃ ጠሩብህ?" አለች።

"ጨዋ ነበር። መልካም ቀን ብሎኛል።"

ዲቦራ ዞር ብላ ከኋላ ኖላዊን አየችው። ዕድሜው ስምንት ነው፤ ቁመቱ ግን አሥራ አንድ ይመስላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ እሱም መኪና ውስጥ ሰው እየጠበቀ ብቻውን ይቀመጣል። "ጋሼ ክፍሉ፣ እንሂድ" አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ሥራውን ቀየረ። ይሻላል አይሻልም አይልም፤ ዘዴ ግን ያስተምራል። ቤት ከማየታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ግቡና የምዝገባ ፎርም ጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋት መናፈሻው ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ማን ሰላም እንደሚላችሁ ብቻ አትዩ፤ ማን ሰላም ብሎ መንገዱን እንደሚቀጥልም እዩ።

በርባንክ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቀረብ ባለ መንገድ ላይ አንድ ቤት ተገኘ። ጣራው አርጅቷል፤ አውሮፕላን ሲያልፍ ሰው ወሬውን ያቋርጣል። ዲቦራና ሳምሪ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ገቡ። ጸሐፊዋ ከኮምፒዩተሯ ቀና ሳትል፣ "ወላጅ አንድ?" አለች። ዲቦራ ስሟን ሰጠች። "ወላጅ ሁለት?" ሳምሪ ስሟን ሰጠች። ጸሐፊዋ ጻፈችና፣ "የክትባት ወረቀቱ የቆየ ነው፤ አዲስ አምጡ" አለች። ሌላ ነገር የለም። ሳምሪ ውጭ ወጥታ ለክፍሉ ስትነግረው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በሕይወቷ እንደዚህ አሰልቺ ሰው አግኝታ አታውቅም።

የጎን ጎረቤቱ ደግሞ ጡረታ የወጣ የስቱዲዮ አናጢ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፎ አያቸውና፣ "ስንት መኪና አላችሁ?" አለ። ሁለት አሉት። "ጥሩ። የበፊቶቹ አራት ነበራቸው" ብሎ ገባ። ቤቱን ገዙት።

ገብተው በሁለተኛው ሳምንት ግን ዲቦራ ለክፍሉ ደወለች። "ጋሼ፣ ሐበሻ አለ።"

"የት?"

"ሦስተኛው ቤት። እትዬ ኤልፍነሽ ይባላሉ። ፈረንጁን ሁሉ መርምረን የገዛ ወገናችንን ረሳን።"

ኤልፍነሽ የሆሊውድ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ሃያ ዓመት ካሸር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ተቀመጡ። ቤቱን ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ኖላዊን፣ "እናትህ የትኛዋ ናት?" አሉት።

"ሁለቱም" አለ ኖላዊ።

ኤልፍነሽ ዳቦውን እየቆረሱ ትንሽ አሰቡ። "እኔ አንዲት ነበረችኝ፤ እሷም በዝታብኝ ነበር" አሉ።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ብሌንን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ "የአክስት ልጆች ናቸው" ይላሉ። ሳምሪ ይህ ያንገበግባታል። ዲቦራ፣ "ብሌንን በሰዓቱ ያመጧታል" ትላለች። በዚህ እስካሁን አልተስማሙም።

ወሬው ሰበካ ጉባኤው ጋ መድረሱ አልቀረም። አንድ እሑድ ከስብሰባ በኋላ ተክለብርሃን የሚባለው ሰብሳቢ ክፍሉን ወደ ጥግ ሳበው። "እነዚያ በርባንክ ያስገባሃቸው ሴቶች የአክስት ልጆች ናቸው አሉ፤ እውነት ነው?"

ክፍሉ የኤልፍነሽን መልስ መድገም ይችል ነበር። ወይም አላውቅም ማለት። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ቆየ። "ባለትዳሮች ናቸው። ሁለት ልጅ አላቸው። ጣራቸውን በዚህ ወር ያሠራሉ" አለ።

ተክለብርሃን ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤት ለሚፈልግ ሁሉ የሚሰጠው የዳኛቸውን ስልክ ነው። ክፍሉ ይህን ያውቃል፤ ለአምሳለም ነግሯታል። አምሳለ፣ "ዳኛቸው ይደግ፤ ወጣት ነው" አለች።

የሆነው ሆኖ የክፍሉ ስልክ ዝም አላለም። ዲቦራ ለነርስ ጓደኞቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም ለሌላ ነገሩ። መጀመሪያ ከፖርትላንድ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ቀጥሎ ከአትላንታ መንታ የሚያሳድጉ ሁለት ወንዶች። ክፍሉ ሳያስበውና ሳይፈልገው፣ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ስሙን የሚቀባበሉት ሰው ሆነ። ቢሮው ውስጥ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል እንደተሰቀለ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች አይተውት ቆንጆ ነው ይላሉ፤ እሱም ያመሰግናል።

ባለፈው ሳምንት ከሂውስተን አንድ ሰው ደውሎ፣ እሱና ባሉ ወደ ሎስ አንጀለስ ሊዛወሩ እንደሆነ ነገረው። ክፍሉ እስክሪብቶውን ፈልጎ አገኘ። "እሺ" አለ። "ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው?"