ደጄ ላይ የተከመረው ድንጋይ

ቤታችን ከቀበና ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር ነው። የጭነት መኪና የሚነዱ ሰዎች እዚህ ሲበላሽባቸው እንዳይንሸራተት ጎማው ስር ድንጋይ ለታኮ ያስገባሉ። ሲነሱ ድንጋዩን አስፋልቱ መሀል ጥለውት ይሄዳሉ። ባለቤቴ በሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው የሚያኖረን፤ አምና እንዲህ ያለ ድንጋይ ገጭቶ ወደቀና ትከሻው ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሱ ከመውጣቱ በፊት ልጄን አዝዬ ድንጋይ እለቅማለሁ። ተመልሶ መንገድ እንዳይገባ ደጄ ላይ እከምረዋለሁ። ጎረቤቱ ቆሞ ያየኛል እንጂ ምን እየሠራሽ ነው ያለኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት በሩ ተንኳኳ። እንግዳ መጣልኝ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ስከፍት ደንብ አስከባሪ ነው።

"እህት፣ ያለፈቃድ ግንባታ ልትጀምሪ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

"ምን ልገነባ?"

"አጥር ነዋ! ይሄ ሁሉ ድንጋይ ታዲያ ለወጥ ነው?"

የሆነውን ነገርኩት። ክምሩን አየ፤ ልጄን አየ፤ የያዘውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ዳገቱን ወረደ። በቃ፣ ነገ መጥተው ሊበትኑብኝ ነው አልኩ።

በነጋታው ያው ሰውዬ ላቡ ጠብ እያለ ዳገቱን ወጣ። ትልቅ ድንጋይ ታቅፏል።

"እህቴ፣ ታች ኩርባው ላይ አግኝቼው ነው። የት ላስቀምጠው?"