ቶኩጂ ያላተመበት ወረቀት

በእኛ በኦኩዛዋ ሸለቆ ቶኩጂን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የተወለደ ሕፃን ነው። ሕፃን ከተወለደልን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልፎናል።

ዕድሜው ሰባ አራት ነው። አርባውን ዓመት ተራራው ላይ ጥድ ሲቆርጥ ኖሯል። ሚስቱ ከሞተች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሩዝ ሲተክል መስመሩን በገመድ ይለካል፤ ኪያሩን በጨው ዘፍዝፎ ደጃችን ላይ አስቀምጦ ይጠፋል፤ አመሰግናለሁ ሊሉት ሲጠሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሚያጠልቀው ለበዓል ብቻ ነው። በአዘቦት ቀን ኪሱ ውስጥ ይውላል።

እንዲህ ያለ ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድ ነውር አለበት። ዟሪውን ያስቀምጣል።

ዟሪው የሰፈሩ ማስታወቂያ የሚያያዝበት ሰሌዳ ነው። አንዱ ቤት ያነባል፣ የቤተሰቡን ማኅተም ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ቤት በእጁ ያደርሳል። አሥራ አንድ ቤት ነን። ቶኩጂ ስድስተኛ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሚሳኦ ሰባተኛ፤ እኔ ፉሚኤ ስምንተኛ። ሌላው ሰው አንድ ቀን ቢያቆየው ነው፤ ቶኩጂ ግን አራት ቀን ያሳድረዋል። አንድ ጊዜ «ድብ ወርዷልና ፍሬያችሁን ቶሎ ልቀሙ» የሚለው ማስታወቂያ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ድቡ የሚሳኦን ዛፍ አራግፎ ጨርሶ ወደ እኔ ዛፍ ተሻግሮ ነበር።

ስለዚህ ሚሳኦ እስኪያመጣላት አትጠብቅም። በአራተኛው ቀን የድንጋይ ደረጃውን እያለከለከች ትወጣና ገና ከበር ትጀምራለች።

«አንተ ሰውዬ! ፊደል አልቆጠርክም እንዴ? አንድ ክፍል አይደል የተማርነው?»

«ጽሑፉ ደቃቅ ነው» ይላል ቶኩጂ።

«መነጽር ግዛ!»

«መነጽርማ አለኝ። የት እንዳስቀመጥኩት ነው የጠፋኝ።»

መነጽሩ አናቱ ላይ ነው። እሷም በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሻዩን ትጠጣለች፣ ኪያሩን ትበላለች፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትሰድበው ቆይታ ሰሌዳውን በብብቷ ሸጉጣ ትወርዳለች። እኔ ሞኟ ሰውየው ማንበብ ይከብደዋል ብዬ አዝንለት ነበር። ዘንድሮ የሰፈር ተጠሪነቱ ተራ ለእኔ ሲደርስ፣ ለእሱ ብዬ ጽሑፉን ሁሉ አተለቅሁት።

ሩዙ ታጭዶ እንዳለቀ ሚሳኦ ናጎያ ከተማ ወዳለው ልጇ ጠቅልላ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። እኔም ተጠሪ ነኝና እሷ ከሄደች በኋላ የሚኖረውን ተራ ጻፍኩ። ስሟ ላይ በማስመሪያ ቀይ መስመር አሰመርኩበትና ሰሌዳው ከቶኩጂ ቀጥታ ወደ እኔ እንዲመጣ አደረግኩ። ከሥሩ የቦይ ጠረጋውን ቀን ጨመርኩበት። ሰሌዳው ቶኩጂ ቤት ገባ፤ በዚያው ቀረ።

አራት ቀን አለፈ፤ ስድስት ቀን፤ ዘጠኝ ቀን። ሚሳኦ ዕቃዋን ስታሽግ ሰሌዳው ትዝም አላላት። የጠረጋው ዕለት ከቶኩጂ በላይ ያሉት አምስት ቤቶች አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ከታች ግን ከእኔ በቀር ወሬውን የሰማ የለም። ከላይ የተጠረገው ጭቃ ሁሉ ወርዶ እኛ ደጅ ተከመረ። በጭቃ እንደተለወስኩ ደረጃውን ወጣሁ።

«ጋሽ ቶኩጂ፣ ሰሌዳው የታለ?»

«እያነበብኩት ነው።»

«አንድ ገጽ እኮ ነው! ፊደሉን ዱባ አሳክዬልዎት የለ?»

አቀርቅሮ መሬት መሬቱን አየ። «ፉሚኤ፣ ሁሉም ሰው ሳያትምበት ምንም ነገር አይጸናም አይደል? የሰፈሩ ሕግ ነው።»

«ነው። ታዲያስ?»

«ታዲያ እኔ አላተምኩም።»

ያኔ ገባኝ። ሰውየው ለካ የሚሳኦን መሄድ በማኅተም ሊያግደው ኖሯል! ሕጉ ለቦይና ለቆሻሻ ነው እንጂ ለሰው እግር አይሠራም ልለው አፌን ስከፍት፣ ደረጃው ላይ ያ የምናውቀው ማለክለክ ተሰማ። ሚሳኦ የጭቃውን ክምር አይታ ነገሩ ገብቷታል።

«አንተ ሰውዬ! ግማሹን ሰፈር በጭቃ ስታስለውስ...» ሰሌዳውን ከእጁ መነተፈችው። ቀዩን መስመር አየች። ስድቧን ሳትጨርስ ተወችው። ሚሳኦ ስድብ ስታቋርጥ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

«አንብበኸዋል?» አለችው።

«የመጣ ዕለት።»

«የድቡንስ?»

«እሱንም የመጣ ዕለት።»

«ታዲያ አራት አራት ቀን ሙሉ ምን ስታደርግበት ነበር?»

«ሳዳምጥ» አለ ቶኩጂ። «ደረጃው ላይ ኮቴሽን።»

ሹልክ ብዬ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም።

«አትሂጂ፣ ሚሳኦ» አላት። ጥርሱ ኪሱ ውስጥ ስለነበር ቃሉ በድዱ መሃል ሾልኮ ነው የወጣው፤ ግን ሁለታችንም ሰማነው።

እሷ በረንዳው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ልጄ ክፍሉን ቀለም አስቀብቶልኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ስምንተኛ ፎቅ ነው። ደረጃ የለ፣ ምን የለ፤ አሳንሰር ነው።»

«አውቃለሁ።»

ቀዩን መስመር በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አልለቀቀም። «እሺ፣ ነገ እደውልለታለሁ።»

«ምን ብለው?» አልኳት እኔ ወሬኛዋ።

«የሰፈሩ ማኅተም አልተሟላም፤ አልጸናም እለዋለሁ።»

ቶኩጂ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «ከእንግዲህ አላስቸግርሽም! ሰሌዳውን እኔ ራሴ በማግሥቱ ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ!»

«እንዳትሞክራት!» አለች ሚሳኦ።