የእህቴ ባዶ ጀሪካን

በደርግ ጊዜ መርሳ፣ እርሻ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ይዟት እኔ ዘንድ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ወስጃት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከዚያ እየተመላለሰች በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ትወስድ ጀመር።

«መድኃኒቱ ብርቱ ነው፤ ልብም ያደክማል» አለን ሐኪሙ። «በየቀኑ በእግሯ ትሂድ፣ ጨው ትቀንስ፣ ቀዶ ሕክምና በተደረገላት በኩል ባለው እጇ ከባድ ነገር አታንሣ። ልቧ ከደከመ ግን መድኃኒቱን ለማቋረጥ እገደዳለሁ።»

መድኃኒቱ ከተቋረጠ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም ገብቶናል። እኔ ግን ግትር ነኝ። የደከመ ልብ ይተኛል እንጂ ይሄዳል እንዴ? ደግሞስ «ታማሚ እህቱን በፀሐይ ያንከራትታል» ብባልስ? ስለዚህ አልጋ ላይ አስተኝቼ ጠያቂ ሰበሰብኩላት።

እሷ ግን በርበሬዋን ያለ ጨው ለብቻ አስፈጨች። ወጧን የቀመሰ ሁሉ ፊቱን ያጨማድድ ነበር፤ እኔም «ቅጣት ነው የምትሠሪልን» እያልኩ አሾፍባታለሁ። ትስቃለች እንጂ ጨው አትጨምርም። ጠዋት ጠዋትም ሴት እጇን አንጠልጥላ ስትዞር ያስወራል ብላ ባዶ ጀሪካን ይዛ ወደ ወንዙ ትወርዳለች።

አንድ ቀን በንዴት ጫማዋን ደበቅሁባት። በማግስቱ ስነሳ የእኔ ቦቲ ጫማ የለም። ጨርቅ ጠቅጥቃበት ሄዳለች! በነጠላ ጫማ እየተጎተትኩ ስከተላት የወንዙ ድልድይ ላይ አብዮት ጥበቃው አስቁሟታል።

«እትዬ፣ በየቀኑ ባዶውን ወስደው ባዶውን ይመልሳሉ። ወንዙ ደረቀ እንዴ?»

«ዶክተሩ ሂጅ አለኝ እንጅ ቅጅ አላለኝም፣ የኔ ጌታ» አለችው።

ልጁ ሳቀና አሳለፋት። እኔ እንኳን ልቆጣት፣ ኮራሁባት። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ከሣጥን አውጥቼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩላት።

መድኃኒቱን በወሰደች ሰሞን እህል አይረጋላትም፤ ፀጉሯም ረግፎ አለቀ። ያን ጊዜ እንኳ ግድግዳ ይዛ እስከ ግቢው በር ደርሳ ትመለሳለች። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ ሦስት ቀን ከሥራ የምቀር ሰው ነኝ።

የመጨረሻውን መድኃኒት ከመውሰዷ በፊት ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ልብሽ ደህና ነው። መድኃኒቱን እንጨርሳለን» አለ። «ቤት ውስጥ ማነው የሚያግዝሽ?»

«ወንድሜ ነዋ!» አለች፣ ወደኔ እንኳ ሳትዞር። «ጫማውን ሳይቀር አውልቆ ሰጥቶኝ ነው የሄድኩት።»

ሐኪሙ ተነሥቶ ጨበጠኝ። እኔ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ ያንኑ ቦቲ ነበር ያደረግሁት።