የወንድሜ ትልልቅ ጎማዎች

ትናንት ጅቡቲ ውስጥ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት በፔካ 12 ሳልፍ የጋለ ጎማ ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ ተበላሽተው የቀሩ ከባድ መኪኖችን የሚጎትትበት መኪና ነበረው።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ድሬዳዋ በሄደበት ሳምንት ታላቅ ወንድሜ ለመኪናዋ ትልልቅ ጎማ አስገጠመላት። ከፍ ብላ ስታምር ከጎኑ ተቀምጬ ኮራሁ። ጭነት የያዘ መኪና እየጎተትን ዳገቱ ላይ ስንደርስ ግን ሞተሩ አቃተው፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ወንድሜ ፍሬን ይዞ እንደምንም አቆማት፤ ሌሎች ሾፌሮች ሮጠው ድንጋይ አስደገፉልን።

አባቴ ተመልሶ ሲሰማ አልተቆጣም። ጎማውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ጎማው ሲያድግ ጉልበቷ ያንሳል። የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያደርሰውን ዲፈረንሻልም አብረህ ካልቀየርክ ዳገት ላይ ትከዳሃለች» አለው።

«ከእንግዲህ አልነዳም» አለ ወንድሜ።

አባቴ የድሮዎቹን ጎማዎች አስመለሰና በማግስቱ ቁልፉን ሰጠው። ሌላ መኪና እየጎተትን በዚያው ዳገት ስንወጣ እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር። ወንድሜ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም። አባቴ ግን ፊቱን አዙሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ፈርቶ ይሁን አምኖት፣ ዛሬም አላውቅም።